የአክስል ጫና

(የሌሊት ፈረቃ፣ ኮምቦልቻ ሚዛን ጣቢያ)

ሐረጎን ወርዶ ሲደርስ፣ ፍሬኑ እየሸተተ፣
ሰሊጥ የጫነው ተሳቢ፣ ሚዛኔ ላይ ተጎተተ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ቁጥር ማንበብ፣ ማኅተም መምታት፣
በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ ከሾፌር ጋር መሟገት።

«ጠቅላላው ልክ ነው» ይላል ሙሄ፣ ወረቀቱን እያሳየ፤
«አንድ ኪሎ ትርፍ ጭኖ፣ ሙሄን ማን ያውቃል? ማን አየ?»
እውነቱን ነው፤ ድምሩ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤
ሸክሙ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ አንዱ አክስል ላይ ተከምሮ ነው።
የፊቱ ጎማ ተዝናንቶ፣ የኋላው ሊፈነዳ፤
ድምሩ አይደለም፣ ክፍፍሉ ነው፣ ለአስፋልት የሚሆን ዕዳ።

ይህን ለሙሄ ስነግረው፣ ይስቃል ጥርሱን እየፋቀ፤
«ስለ ጎማ ነው ስለ አገር፣ ሆድህ እንዲህ የተጨነቀ?»

ስለ ሁለቱም።

አባቴና አጎቴ አበጋዝ፣ ያያቴን መሬት ሲካፈሉ፣
ሽማግሌ ፊት ነው በገመድ፣ እኩል ለክተው የከፈሉ።
ጭንጫው፣ ዳገት የበዛው፣ ለአበጋዝ በዕጣ ደረሰው፤
«ምን ሊያበቅል ነው» እያለ፣ ያዝንለት ነበር ሰው።
ኋላ ቀያሽ መጣ፤ ባለ ሦስት እግር መነጽር ተከለ፣
ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ «መንገድ በዚህ ያልፋል» አለ።
በጭንጫው አለፈ። ዛሬ አበጋዝ ባለ ፎቅ ነው፣
ከታች ባንክ፣ ከላይ አልጋ፣ ጣሪያውን ዲሽ የሞላው።
ያባቴን ጥቁር አፈር ግን፣ ቦርከና በየክረምቱ በላው።
ማንም ማንንም አልሰረቀ። ይህ ነው እኔን የሚያመኝ፤
ሌባ ቢኖር ከሰስኩ ነበር፤ ከቀለም ጋር ማን ይዳኘኝ?

ያጎቴ ልጅ ፎቁን አስይዞ፣ ከዚያው ባንክ ተበደረ፤
እኔንም «ምን ታስይዛለህ?» አሉኝ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

እህቴ ኑሪት ፓርኩ ውስጥ፣ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች፤
ስድስት መቶ ኪስ በቀን፤ ማታ በእግሯ ትመጣለች።
(የባጃጁን ሳንቲም ስታስቀር፣ «ለልጄ ደብተር» ትላለች።)
አንድ ማታ የዋጋ ካርድ፣ ሽርጧ ላይ ተጣብቆ መጣ፤
በስልኬ ወደ ብር ስንመታው፣ ከወር ደመወዟ ልቆ ወጣ።
«የምትገዛው ሴት ሀብታም ናት?» አለችኝ፣ ክሩን እያሸች።
እንጃ። ምናልባት እሷም እዚያ፣ ሱቅ የምትጠርግ ነች።

ይህንንም ለሙሄ አወራሁት። «ስማኝ፣ እኔ ጅዳ ሳለሁ፣
ያንድ ሰው ሰባት መኪና፣ በየጠዋቱ አጥቤያለሁ፤
ስሜን ሳያውቀው ተለያየን። ታናሼ ኖርዌይ ነው ያለው፤
አውቶቡስ ይነዳል፣ እንደኔው፤ ግብሩ ያንገሸግሸዋል ሰው፤
ግን ልጁ ካለቃው ልጅ ጋር፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚማረው።
ሀብታምስ እዚያም ሞልቷል። ግን ያ አንተ የምትለው…
ጭነቱን፣ እንዴት ልበልህ፣ ብዙ አክስል ላይ በትነውት ነው።»

«ነዳጅ አላቸዋ!» አልኩት። «ጅዳስ የላትም?» አለኝ።
የጣቢያው ጀነሬተር ብቻ፣ እየተንደቀደቀ መለሰልኝ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ለሙሄ ቅጣት አልጻፍኩም፤
ሁለት መቶ ብር ወረቀቱ መሃል፣ ሲያቀብለኝ አልገፋሁም።
አስፋልቱ ነገ ሲቦረቦር፣ ጉድጓዱ የሙሄ አይደለም፤
የኑሪት ባጃጅ ነው የሚገባበት፤ ያውም ስትሳፈር፤ ሁሌ አይደለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጭር ሲል፣ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ ለብቻዬ፤
ጤና ጣቢያ ሃምሳ ሁለት ነበር፣ ባለፈው ወር ኪሎዬ።
ማሽኑ በሃያ በሃያ ነው የሚቆጥር፤ «ስልሳ» ሲል ቁጥሩ በራ፤
ስምንት ኪሎ ሰጠኝ በነጻ። ከማን እንዳመጣው ሳላጣራ፣
ወረድኩ። ከባቲ በኩል፣ ሌላ ተሳቢ በጥሩንባ ተጣራ።